መሃል ግቢ ያለው ቤት፦ ስናስብም ስንሠራም ልንርቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

"መሃሉ ክፍት የሆነ ቤት ልሥራ እንዴ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ስልኩን ያወጣና ሞሮኮ ውስጥ ማራካሽ ከተማ ያለ ቤት ፎቶ ያሳየኛል። መሃል ላይ የውሃ ገንዳ፣ ጥግ ጥጉ ላይ የብርቱካን ዛፍ፣ ዙሪያውን ክፍሎች። እኔም ደስ እያለኝ አየዋለሁ። ያደግኩት ስድስት ቤተሰብ በሚጋራው የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። የቤት ሥራዬን የምሠራው ደጅ ላይ፣ ደብተሬን በርጩማ ላይ ዘርግቼ ነበር። ግቢ ሲባል ልቤ ቶሎ ይሸነፋል።

ግን ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ አሠራሩ የተበላሸ ብዙ ቤት አይቻለሁ። ሰው ስንት ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ አፍስሶ ሲቆጭ ማየት ያማል። ስለዚህ ያየኋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ግቢን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

እኛ "ግቢ" ስንል ቶሎ የሚታየን አጥር ነው። አጥሩ ዙሪያውን ይሄዳል፣ ቤቱ መሃል ይቆማል፣ የተረፈው መሬት ግቢ ይባላል። ያ ሰው በፎቶ ያሳየኝ ግን የዚህ ግልባጭ ነው። ቤቱ ዙሪያውን ይሄዳል፣ ግቢው መሃል ይቀመጣል። እሱን እዚህ "መሃል ግቢ" እለዋለሁ።

መሃል ግቢ "የአረብ ቤት ነው" የሚሉ አሉ። ልክ አይደለም። በዛሬዋ ኢራቅ፣ በጥንቷ ኡር ከተማ ሊዮናርድ ዉሊ የተባለው እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስት በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቆፍሮ ያወጣቸው መኖሪያ ቤቶች ክፍሎቻቸው በአንድ ግቢ ዙሪያ የተደረደሩ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ 4000 ዓመት ይጠጋል። ከእስልምናም ከክርስትናም በፊት ማለት ነው። ሮማውያን ሠርተውታል፣ ቻይናውያን ሠርተውታል። ስፔን ውስጥ ኮርዶባ ከተማ በየዓመቱ ነዋሪዎች መሃል ግቢያቸውን በአበባ አስጊጠው ለእንግዳ ይከፍታሉ። ይህ በዓል በ2012 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

የእኛ አገር ታሪክ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። አክሱም ሄዶ ዱንጉርን ያየ ሰው ይረዳኛል። ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይለዋል፤ ተመራማሪዎች ግን ከእሷ ዘመን ብዙ ዘግይቶ የተሠራ የመኳንንት መኖሪያ ነው ይላሉ። ዋናው ቤት ከፍ ባለ መሠረት ላይ መሃል ቆሟል። ዙሪያውን ክፍት ግቢዎች አሉ። ከግቢዎቹ ወዲያ ደግሞ ሌሎች ክፍሎች እንደ አጥር ከብበውታል። ቤት በግቢ፣ ግቢ በቤት ተከቧል። እኔ ይህን አሠራር ሳየው ሁሌም ይገርመኛል። ጎንደር ላይም ፋሲል ግቢ 900 ሜትር በሚሆን ግንብ ታጥሮ በውስጡ ብዙ ሕንፃ ይዟል። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ሰፊ ግቢ ይዘው ሰፈሩ፤ ተከታዩ ሁሉ በዙሪያቸው ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር የምንለው ከዚህ ልማድ የመጣ ነው።

ይህ ልዩነት ለዛሬ ቤት ሠሪ ምን ይጠቅመዋል? 200 ካሬ ቦታ አለው እንበል፤ 10 በ20። እንደ ልማዳችን ቤቱን መሃል አድርጎ በየአቅጣጫው 2 ሜትር ቢተው ለቤቱ የሚቀረው 6 በ16 ነው፤ 96 ካሬ። 104 ካሬ፣ ማለትም ከመሬቱ ከግማሽ በላይ፣ ጄሪካንና አሮጌ ቆርቆሮ የሚከማችበት ቀጭን መተላለፊያ ሆነ። ያንኑ መሬት ሰብስቦ 6 በ8 የሆነ አንድ መሃል ግቢ ቢያወጣበት ወንበር አውጥቶ የሚቀመጥበት 48 ካሬ አገኘ፤ ለክፍሎቹም ቦታ ተረፈው። ከጎረቤት ወሰን ምን ያህል መራቅ እንዳለባችሁ ግን ፕላን የሚያጸድቀውን ክፍል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ያ ሳይታወቅ ንድፍ አይጀመርም።

የሌላ አገር አየር ይዞ መምጣት

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

የማራካሽም ሆነ የኢራኗ ያዝድ ቤት ግቢው ጠበብ፣ ግድግዳው ከፍ ያለ ነው። ሆን ተብሎ ነው። እዚያ ጠላት ሙቀቱ ነው። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ጣሪያውና ወለሉ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ግቢው ወርዶ ይተኛል። ጠዋት ከፍ ያለው ግድግዳ ጥላ እየጣለ ያን ቅዝቃዜ ይጠብቀዋል። ያዝድ ላይ ሰዉ ራሱ ከወቅቱ ጋር ይዞራል፤ በሙቀቱ ወራት ጥላው ወዳለበት ክፍል፣ በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደሚያገኘው ክፍል።

አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የእኛ ችግር ብርድ ነው። ሐምሌ ላይ ጋቢ ደርቦ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቅዝቃዜ የሚያጠራቅም ግቢ ምን ያደርግለታል? እኛ የምንፈልገው ፀሐይ የሚያስገባ ግቢ ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ታህሳስ ላይ፣ እኩለ ቀን፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ስትል 6 ሜትር ከፍታ ያለው የጂፕላስ አንድ ግድግዳ ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። ግቢያችሁ ከደቡብ ወደ ሰሜን 3 ሜትር ብቻ ከሆነ በዚያ ወር ወለሉ የእኩለ ቀን ፀሐይ አያይም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ደግሞ የዚያው ግድግዳ ጥላ 10 ሜትር ያህል ይረዝማል። ውርጭ የሚወርደው በዚያ ሰሞን ነው። ሰው ቡናውን ይዞ ፀሐይ የሚፈልገውም በዚያ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ፎቅ የምትሠሩ ከሆነ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ በኩል ዝቅ ያለውን ሥሩ፤ ማድ ቤቱን፣ ሰርቪሱን። ፎቁን ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ውሰዱት። የጠዋት ፀሐይ በዝቅተኛው ጣሪያ ላይ አልፋ ትገባለች። ቤጂንግ ላይ ታህሳስ እኩለ ቀን ላይ የ6 ሜትር ግድግዳ ጥላ 12 ሜትር ይደርሳል። የድሮዎቹ የቤጂንግ ቤቶች ፎቅ የሌላቸው፣ ግቢያቸውም ሰፊ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ዋናው፣ የቤተሰቡ ታላላቆች የሚኖሩበት ቤት በሰሜን በኩል ሆኖ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል።

ድሬዳዋ የምትሠሩ ግን ተቃራኒውን አድርጉ። እዚያ ጠበብና ጥልቅ ያለው፣ ጥላ የበዛበት ግቢ ነው የሚያዋጣው።

ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አለማሰብ

አንዲት የቅርብ ዘመዴ ቤቷን ስታሠራ መሃል ግቢው በጣም አምሮ ነበር። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደውላ "ምንጣፌ ተንሳፈፈ" አለችኝ። ስደርስ ግቢው ሞልቶ ውሃው በሦስት በር ወደ ሳሎን ይገባል። ልጆቹ በሳፋ እየቀዱ በመስኮት ያፈሳሉ። ግቢው ማፍሰሻ ነበረው። አንድ ብቻ፤ እሱም ቅጠል ደፍኖት ነበር። የሠራው ሰው ቱቦውን በወለሉ ሥር ሲያሳልፍ ማጽጃ ክዳን አልተወለትም። የተደፈነው ቦታ እስኪገኝ የሳሎኑ ሴራሚክ ተሰበረ።

መሃል ግቢ ከሌላው ግቢ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ውሃው መውጫ የለውም። የግድ በቤታችሁ ሥር ማለፍ አለበት። ያ ቱቦ ደግሞ ወለሉ ከመሞላቱ በፊት ካልተቀበረ በኋላ ማስገባት ማለት ማፍረስ ነው።

ምን ያህል ውሃ ነው የምናወራው? 30 ካሬ ግቢ ላይ 120 ካሬ ጣሪያ ወደ ውስጥ ቢያፈስ፣ 30 ሚሊ ሜትር በሚጥል አንድ ከባድ ዝናብ 4500 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ሁለት ባለ 2000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ ይተርፋል። በአንድ ከሰዓት!

ሮማውያን ይህን ያውቁ ነበር። ጣሪያቸውን ሆን ብለው ወደ ውስጥ አዘንብለው፣ ዝናቡን መሃል ላይ ባለ ገንዳ ተቀብለው፣ ከሥሩ በተሠራ ጉድጓድ ያጠራቅሙት ነበር። ውሃው ሀብታቸው ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ እኛም ብናስብበት ጥሩ ነው። ዋናው ግን ይህ ነው፦ የግቢው ወለል ከክፍሎቹ ወለል ቢያንስ አንድ ደረጃ፣ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ዝቅ ይበል። በየሜትሩ አንድ ሁለት ሳንቲ ወደ ማፍሰሻው ይዘንብል። ማፍሰሻው ሁለት ይሁን፤ አንዱ ቢደፈን ሌላው ይሠራል። በየጣሪያው ጠርዝ አሸንዳ ይኑር። እባካችሁ ደግሞ የሚያንሸራትት ሴራሚክ አታንጥፉ። ሻካራ ድንጋይ ይበልጣል፤ ሽማግሌም ሕፃንም ይሄድበታል።

በኋላ በላስቲክ መሸፈን

ዝናቡ ሲያስቸግር የብዙ ሰው መፍትሔ ይኼ ነው። ብርሃን የሚያስተላልፍ ላስቲክ ክዳን አምጥቶ ግቢውን መድፈን። ያን ጊዜ ግቢው ቀን ይጋላል፣ ማታ ይታፈናል። የዙሪያው ክፍሎች መስኮት ሁሉ ወደዚያ ስለሆነ ቤቱ በሙሉ አየር ያጣል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ከሰሉ ነው። ሰው ግቢ ነው ብሎ ምድጃውን እዚያው ያቀጣጥላል። ክዳን ካለው ግን ግቢ መሆኑ ቀርቷል። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላል። ከዝናብ መጠለያ ከፈለጋችሁ በዙሪያው አንድ ሜትር ተኩል በረንዳ አውጡ። መሃሉን ለሰማይ ተዉት።

ምን እንደሚሠራበት ሳይወስኑ መሥራት

እናቴ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐዩ ሲጠና በርበሬ ታሰጣ ነበር። ሰሌኑን መጀመሪያ ማድ ቤቱ በር ላይ ትዘረጋለች። ጥላው ሲደርስበት እኛ ልጆች አራቱን ጫፍ ይዘን ወደ ቧንቧው እንጎትተዋለን። ከሰዓት ደግሞ ጎረቤታችን ደጃፍ ድረስ። አንዱ ሲያስነጥስ ሁላችንም እንከተላለን። ፀሐይ ግቢ ውስጥ እንዴት እንደምትዞር የተማርኩት ከዚያ ሰሌን ነው።

የእኛ ግቢ ሥራ ቤት ነው። ብቅል ይሰጣበታል፣ እህል ይለቀምበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ አራስ ልጇን ፀሐይ ታሞቅበታለች። የበዓል በግ ይታረድበታል፣ ለሰርግም ለለቅሶም ድንኳን ይተከልበታል። በዩኔስኮ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የተመዘገበችው ሐረር ጁገል ውስጥ ያለው የተለመደው ቤት ይህን በደንብ ያሳያል። ምድር ቤቱ ሦስት ክፍል ነው፤ የአገልግሎት ክፍሎቹ ግቢው ውስጥ ናቸው።

እናንተም ፕላን ሠሪው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ማድ ቤቱ በቀጥታ ወደ ግቢው ይከፈታል? በጉ በሳሎን በኩል ነው የሚገባው? መሃል ላይ ዛፍ ከተከላችሁ ድንኳኑ የት ይቆማል? ልብስ ማስጫው ፀሐይ አለው? ቧንቧ አለ?

በሩን ፊት ለፊት ማድረግ

የውጭው በር ሲከፈት መንገደኛው ግቢውን በሙሉ ካየ የመሃል ግቢ ጥቅሙ ግማሹ ጠፋ። ማራካሽ ላይ መግቢያው ይታጠፋል። ቤጂንግ ላይ በሩ በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ነው፤ ከበሩ ወዲያ የሚጋርድ ግድግዳ ይቆማል። አንድ መታጠፊያ ብቻ ይበቃል። ከላይ ከጎረቤት ፎቅ የሚያይ ካለ ደግሞ የወይን ሐረግ ይጋርዳል።

የጋራ ግቢን ባለቤት እንደሌለው መቁጠር

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ሲዞር የአንድ ቤተሰብ የነበረው ግቢ ለብዙ አባወራ ተከፋፈለ። ቻይናም ከ1949 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ተመሳሳይ ነገር አይታለች፤ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ግቢ ብዙ ቤተሰብ ገባበት። እኛ ግቢ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ነበረን። የመጥረጊያ ተራ ነበር። ቅዳሜ የእኛ ነው። ተራ ያለፈው ሰው ማንም ሳይናገረው ያፍር ነበር።

ዛሬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ የታሰቡ የጋራ ቤቶች አሉ። በሕንፃዎቹ መካከልም ሜዳ አለ። ብዙ ቦታ ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ግቢ የሚጋሩ ሰዎች፣ ጎረቤትም ይሁኑ ወንድምና እህት፣ ተሰብስበው ማን እንደሚጠርግ፣ ማን እንደሚቆልፍ፣ ልጆች የት እንደሚጫወቱ ካልወሰኑ ግቢው በሁለት ዓመት ያልቃል።

በወረቀት ላይ ብቻ መወሰን

ወረቀት ላይ 5 በ6 ሰፊ ይመስላል። ስለዚህ ቦታው ላይ ሂዱ። በገመድ ለኩ፣ በኖራ አስምሩ። ከዚያ በርጩማ ይዛችሁ ገብታችሁ ተቀመጡ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ። ያቺ ዘመዴ ባለፈው ዓመት ለልጇ ቤት ቦታ ስትለካ እንዲህ አድርጋ ነበር። ሁለት ጠዋት እዚያ ቡና አፈላች። በሦስተኛው ቀን ማድ ቤቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዛወረችው።