ጠመንጃችሁ ዛገ? ቦርሳውን ክፈቱና እዩ

ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ጥይቱ ይውጣ። ካርታውን (የጥይት መያዣውን) ንቀሉ፣ ቃታውን (ከበርሜሉ ኋላ ያለውን መዝጊያ) ክፈቱ፣ የጥይት ማረፊያውን በዓይን እዩ፣ በጣትም ዳብሱ። "ባዶ ነው" ብሎ የሰጠኝን ሰው ጠመንጃ ስከፍት ጥይት አግኝቼበት አውቃለሁ።

ምልክት፦ በርሜሉ ላይ ብርቱካናማ ሽፍታ

ከሁሉም በላይ የሚመጣልኝ ይሄ ነው። ባለቤቱ ሁልጊዜ "ዝናብ መታው" ይላል። ዝናብማ መታው። ያዛገው ግን ቦርሳው ነው። የቦርሳው ስፖንጅ ውሃውን ይጠጣል፣ ዚፑ ሲዘጋ ደግሞ አየር አያገኝም። ብረቱ እርጥብ ፍራሽ ላይ ተኛ ማለት ነው። የቆዳ ማህደር ይብሳል፤ ቆዳው ሲለፋ የገባበት ጨውና አሲድ ብረት ይበላል።

አንዱ ከአደን ተመልሶ ጠመንጃውን ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ጥግ አስቀመጠው። ሦስት ሳምንት። ዚፑን ስከፍተው የሻገተ ሽታ ወጣ። ስፖንጁ ላይ የበርሜሉ ቅርጽ በዝገት ታትሟል። በርሜሉ ላይ ደግሞ አራት የጣት አሻራ በዝገት ተስሏል፣ የአሻራው መስመር ሳይቀር ይቆጠራል። የላብ ጨው ነው። ሽፍታውን አስለቀቅኩለት፤ ከአሻራዎቹ ሥር ያለው ግን እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ጎድጉዶ ቀረ። እሱ አይመለስም። እንደዚህ ያለ መሣሪያ ሳይ በጣም ያናድደኛል፤ አሥር ደቂቃ ያድነው ነበር።

መፍትሄው፦ ቤት እንደገባችሁ ከቦርሳ አውጡት። ከብርድ ወደ ሙቀት የገባ ብረት ያልበዋል፣ ስለዚህ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁና በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ ስስ የመሣሪያ ዘይት ቀቡ። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ ብረቱን አትንኩ። ቦርሳውንም ገልብጣችሁ አድርቁ።

ሽፍታው ከወጣ ዘይት ቀብታችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ከዚያ ባለአራት ዜሮ (0000) የብረት ሱፍ ዘይት አስነክራችሁ በቀስታ እሹት። ብርጭቆ ወረቀት በፍጹም! ኮምጣጤም በፍጹም! የበርሜሉ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ራሱ ከብረት የተሠራ የዝገት ዘመድ ነው፤ ዝገት የሚያነሳ አሲድ እሱንም ይዞት ይሄዳል። በርሜሉን ኮምጣጤ ውስጥ ነክሮ ያደረ ሰው ነጭ ብረት ይዞልኝ መጥቷል።

ብዙ ሰው ስለሚረጨው ደብሊውዲ 40 (WD-40) ደግሞ ልናገር። ውሃ ለማባረር የተሠራ ነው፣ እሱን በደንብ ይሠራል። የሚተወው ሽፋን ግን ስስ ነው። ረጭታችሁ ወር ሙሉ ብታስቀምጡት አይጠብቅላችሁም። ከላዩ ደህና ዘይት ይጨመር።

ምልክት፦ ከላይ ንጹህ ነው፣ ግን ዒላማ ይስታል

ሰደፉን ፍቱና ከሥሩ እዩ። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በርሜሉን ይገፋል። እርጥበቱም በርሜሉ ሥር ታምቆ ማንም ሳያየው ያዝገዋል። እንጨቱን በጥላ አድርቁት፣ እሳት ዳር አታስጠጉት፣ ይሰነጠቃል። ከእንጨቱ ሥር የሚውለውን ብረት ሰም ቀቡት፤ ሰም እንደ ዘይት አይፈስም፣ እንጨቱም አይጠጣውም።

ምልክት፦ የበርሜሉ ውስጥ ቀላ

ብዙውን ጊዜ ያረጀ የጦር ጥይት የተኮሰ ሰው ነው። የአንዳንዱ ካፕሱል (ባሩዱን የሚለኩሰው) ጨው ይተዋል፣ ጨውን ደግሞ ዘይት አያሟሟውም። መጀመሪያ ሙቅ ውሃ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት። የማጽጃውን ዘንግ ከኋላ በኩል አስገቡ፤ የአፈሙዙን ጫፍ ከፋቃችሁት ጥይቱ አቅጣጫ ይስታል።

መምቻው (ካፕሱሉን የሚመታው መርፌ) ደከመ? ቃታውን ፈታችሁ ውስጡን አጽዱ፣ ወይ ዝጓል ወይ ዘይቱ ረግቷል። "አይዝግም" የተባለ ብረትም ይዝጋል፣ ዘግይቶ ነው እንጂ።

ስታስቀምጡ ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል ይኑር። ቀለሙ ሲለወጥ ጠጥቶ ጠግቧል ማለት ነው፣ ምድጃ ውስጥ አድርቃችሁ መልሱት። አፈሙዙን ወደ ታች አድርጋችሁ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አቁሙት፣ ዘይቱ ወደ ሰደፉ እንዳይወርድ።

ለአደን ስትወጡ በርሜሉ ውስጥ ደረቅ ጨርቅ አሳልፉ። የተጠራቀመ ዘይት ወይም የተረሳ ጨርቅ ባለበት መተኮስ በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል። ቃታውን አውጥታችሁ በበርሜሉ ውስጥ ከኋላ ወደ ብርሃን እዩ። ክቡ ጥርት ብሎ ካልታያችሁ አትተኩሱ።