ጀማሪ መምህር የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት እንዴት ይያዘው?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የተመደበ ጀማሪ መምህር ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው ትምህርቱን ባለማወቁ አይደለም። የሚከብደው የአንዷን ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ መጠቀሙ፣ የደብተር እርማቱ ክምርና ከሁሉም በላይ ችግሩን ለብቻው ታቅፎ መቀመጡ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

የምደባ ደብዳቤያችሁንና የትምህርት ማስረጃችሁን ሁለት ሁለት ኮፒ አድርጉ፤ አንዱ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው ለትምህርት ቤቱ። የመጀመሪያው ደመወዝ የወረቀት ሥራው እስኪያልቅ ሊዘገይ ስለሚችል ቢያንስ የሁለት ወር የቤት ኪራይና የአስቤዛ ገንዘብ ያዙ። ምደባው መንዝ ከሆነ ወፍራም ብርድ ልብስና ካፖርት ያስፈልጋል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አይቻልም። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ከሆነ ግን ቆላ ነውና አጎበር አትርሱ።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ የመቀመጫ ንድፍ

ከርዕሰ መምህሩ የክፍለ ጊዜ ድልድላችሁን፣ የመማሪያ መጽሐፉንና የመምህሩን መምሪያ፣ ውጤቱ ከመቶ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ አማካሪ መምህራችሁም ማን እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ለምታስተምሩት ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ገጽ ወረቀት ወስዳችሁ ወንበሮቹን በሣጥን ሣሉ፤ የተቀመጠውን ልጅ ስም በእርሳስ ጻፉ። በእርሳስ የሆነበት ምክንያት በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ቦታ ስለሚቀያየር ነው። ዓይኑ የሚደክመውንና የሚቸገር የሚመስለውን ወደ ፊት አምጡ።

ይህ ወረቀት ሁለት ሥራ ይሠራል። በየቀኑ የአሥር ልጅ ስም ብትይዙ የ60 ተማሪ ክፍል በስድስት የትምህርት ቀን ያልቃል፤ ስሙ የተጠራ ልጅ ደግሞ ከጩኸት ይልቅ በስሙ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ የ60 ልጅ ስም እየጠሩ መቅረትን መመዝገብ አምስት ደቂቃ ሊበላ ይችላል። ባዶ ቦታውን ዓይቶ መመዝገብ ግን ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

40 ደቂቃዋ

ለመነሻ የሚሆን አከፋፈል ይኸውላችሁ። ተማሪን ማስቀመጥና መቅረት መመዝገብ 3 ደቂቃ፣ ያለፈውን በሁለት ሦስት ጥያቄ ማስታወስ 5፣ አዲሱን ማስረዳት 12፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚሠሩት 13፣ ስትዘዋወሩ ያያችሁትን ስህተት ሰሌዳ ላይ ማረም 5፣ የቤት ሥራ መስጠት 2።

ይህን የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ማስታወሻ ማስገልበጥ ነው። መጽሐፍ ለሁሉም በማይደርስበት ክፍል መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ ይጽፋል፤ ልጆቹ ሲገለብጡ ደወሉ ይደወላል፤ ማንም ምንም አልሠራም። መፍትሔው ሰሌዳውን ለሦስት መክፈል ነው። ግራው ላይ ቀን፣ ርዕስና ከስምንት መስመር ያልበለጠ ማስታወሻ ይቀመጣል፤ እስከ መጨረሻው አይጠፋም። መሃሉ ለማብራሪያና ለምሳሌ ነው፤ እየጠፋ ይጻፍበታል። ቀኙ ለአዲስ ቃላትና ለቤት ሥራ ነው። አንድ መስመር ከጻፋችሁ ወደ ክፍሉ ዙሩ፤ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ብዙ ከቆያችሁ የኋላው ረድፍ ወሬ ይጀምራል። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ደግሞ የመጨረሻው ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ጽሑፋችሁን አንብቡት። ሰሌዳው ካበራ ወይም ፊደላችሁ ካነሰ እዚያ ይታወቃል።

ክፍሉ ሲረበሽ በላዩ ላይ አትጩኹ፤ ድምፃችሁ በሦስተኛው ሳምንት ይዘጋል፣ ልጆቹም ጩኸቱን ይለምዱታል። አቁሙ፣ ዝም በሉ፣ ወደ ሚረብሸው ልጅ ተጠጉ፤ ቀሪውን ነገር ከክፍል በኋላ ለብቻው ንገሩት። ዱላ አትያዙ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚደርስ የአካል ቅጣት ይጠብቃል፤ ከሕጉም ባሻገር የተመታ ልጅ እጁን አውጥቶ አይጠይቅም።

ደብተር ሳይከመር

የ60 ደብተር እርማት በሁለት ደቂቃ ሒሳብ ሁለት ሰዓት ነው። አምስት ክፍል ካላችሁ አሥር ሰዓት ይሆናል፤ በአንድ ቅዳሜ የሚነሣ ሸክም አይደለም። ከእያንዳንዱ ክፍል በቀን አንድ ረድፍ፣ 12 ያህል ደብተር ሰብስቡ፤ በአምስት ቀን ሁሉም ይታያል። በየደብተሩ ላይ ልጁ ሊያርመው የሚችለውን አንድ ነገር ብቻ ጻፉ።

አማካሪ መምህር

ጀማሪ መምህር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሙያ ትውውቅ፣ ማለትም ከሥራው ጋር በሚላመድበት ፕሮግራም ውስጥ ያልፋል፤ አማካሪ የሚመደብለትም ለዚህ ነው። «ክፍል አስቸገረኝ» ብላችሁ ብትነግሩት ምክሩ ጥቅል ይሆናል። «ጋሼ፣ ነገ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ገብተው ሥራ ስሰጥ ከኋላ ረድፍ ስንቱ እንደሚጽፍ ይቁጠሩልኝ» ስትሉ ግን ቁጥር ይዞላችሁ ይወጣል፤ ውይይቱም በዚያ ላይ ይሆናል። እናንተም የእርሱን ክፍል በወር ሁለት ጊዜ ገብታችሁ ዕዩ። አማካሪው ገብቶ ያየውን ትምህርት የዕቅድ ወረቀት ለሙያ ማኅደራችሁ (የሥራ ማስረጃችሁ ለሚሰበሰብበት ፋይል) አስቀምጡት፤ ኋላ ይፈለጋል።

የአጨዳ ወቅትና የውጤት መዝገብ

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አጨዳ ሲደርስ፣ የምንጃር ጤፍም ሆነ የመንዝ ገብስ፣ ልጆች ይቀራሉ። የገበያ ቀንም እንደዚያው ነው። በእነዚህ ቀናት ከባድ አዲስ ርዕስ አትጀምሩ፤ መልመጃና ክለሳ ይሁን። ሁለት ቀን ተከታትሎ የቀረውን ልጅ ጎረቤቱን ጠይቁ፤ ሲመለስ በክፍሉ ፊት አትገሥጹት፤ ያመለጠውን ከጎኑ ካለው ልጅ ደብተር እንዲገለብጥ አድርጉ። ወላጅ ሲመጣ ተነሥታችሁ ተቀበሉ፤ ከልጁ መልካም ነገር ጀምራችሁ ወደ ችግሩ ግቡ።

የፈተና ውጤት በሳምንት ውስጥ ለተማሪዎቹ አሳዩ፤ በእርሳስ መዝግባችሁ የሚከራከረው ከተከራከረ በኋላ በቀለም አጽኑት። ማርክ ሊስቱን በሌላ ደብተርም ገልብጡ። ጥር ላይ ሮስተር (የክፍሉ ተማሪዎች ውጤት ተጠቃሎ የሚሞላበት ሰንጠረዥ) ሲጠየቅ የሚጨነቀው የጎደለ ውጤት ያለበት መምህር ነው፤ ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ባዶ የቀረውን ሣጥን በቀይ ክበቡና ያልተፈተነውን ልጅ ያን ሳምንት ፈትኑት።