በታዳጊዎች የአመጋገብ መዛባት ላይ ጥናት ሲሠራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ስለ ልጆችና ታዳጊዎች አመጋገብ የሚሠሩ የመመረቂያ ጥናቶችን ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ብዙዎቹ የተለፋባቸው ሥራዎች ናቸው፤ ሆኖም አንድ ዓይነት ስህተት ከአንዱ ጥናት ወደ ሌላው እየተገለበጠ ሲተላለፍ አያለሁ። የስህተቶቹ ምንጭም ባብዛኛው አንድ ነው፦ ልጁ ሳይበላ መዋሉን ይመዘግባሉ፤ ለምን እንዳልበላ ግን አይጠይቁትም። እኛ ዘንድ ልጅ ሳይበላ የሚውለው ቤት ውስጥ የሚቀመስ ስለጠፋ ሊሆን ይችላል፤ ጾም ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ ሆዱን ስላመመው ሊሆን ይችላል፤ ውፍረት ስለሚያስፈራውም ሊሆን ይችላል። የአመጋገብ መዛባት (በእንግሊዝኛው “ኢቲንግ ዲስኦርደር” የሚባለው የአእምሮ ሕመም) ጥናት በዋናነት የሚፈልገው የመጨረሻውን ሆኖ ሳለ፣ አራቱም በአንድ ሣጥን ውስጥ “አዎ” ተብለው ሲቆጠሩ ይታያል።

ረኃብን ከሕመም ጋር መደባለቅ

ከሁሉ የከፋው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ አቀርበዋለሁ። ተማሪዎቻችን አዘውትረው የሚመርጡት መጠይቅ፣ ሰው ስለ ምግብና ስለ መብላት ያለውን አመለካከት የሚጠይቀው ኢኤቲ-26 ነው። መጠይቁን ጋርነርና ጋርፊንክል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 በ40 ጥያቄዎች አሳተሙት፤ በ1982 ደግሞ ወደ 26 ጥያቄዎች አጠረ። 20 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ለተጨማሪ ምርመራ መላክ አለበት። ከጥያቄዎቹ አንዱ “ሐሳቤ ሁሉ ምግብ ላይ ነው” የሚል ይዘት ያለው ሲሆን “ሁልጊዜ” ብሎ ለመለሰ 3 ነጥብ ያስቆጥራል።

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት መረጃ ሲሰበሰብ ተገኝቼ ነበር። አንድ የ14 ዓመት ልጅ እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ምንም ሳያመነታ “ሁልጊዜ” የሚለውን አከበበ። መረጃ ሰብሳቢዋ ብልህ ነበረችና ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቀችው። “ቁርስ ሳልበላ ነው የምመጣው፤ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አልችልም” አላት። ይህ ልጅ የሚያስፈልገው የአእምሮ ሐኪም ሳይሆን ቁርስ ነው። ባትጠይቀው ኖሮ ግን ሦስቱ ነጥቦች ተደምረው በሰንጠረዡ ውስጥ “የአመጋገብ መዛባት ዝንባሌ” ሆነው ይቀሩ ነበር።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ በተመሳሳይ መጠይቅ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙ ጥቁር ታዳጊዎችን ዳንኤል ለ ግራንዥ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ተመልሰው በቃል ሲያነጋግሯቸው፣ መልሳቸው ከድህነትና ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘ ሆኖ እንዳገኙት እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋል። ቀደም ብሎም እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ፈቃደኛ ጤነኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንታት በግማሽ ረኃብ ሲያኖር፣ ሰዎቹ ስለ ምግብ ብቻ ማሰብና ማውራት፣ ምግባቸውን አጓጉል በሆነ መንገድ ማዘግየትና መደባለቅ ጀምረው ነበር። ከረኃቡ በፊት ግን አንዳቸውም የአመጋገብ መዛባት አልነበረባቸውም። እንግዲህ በ1966ቱና በ1977ቱ ድርቅ በተጎዳ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት በደረሰበት በወሎ ምድር የቤተሰቡን የምግብ ዋስትና ሳይለኩ የልጁን የምግብ ሐሳብ መለካት ምን ትርጉም አለው? ዘጠኙ ጥያቄዎች ያሉት የቤተሰብ የምግብ ዋስትና መጠይቅ በአገራችን በሰፊው የተሠራበት ስለሆነ ከኢኤቲ በፊት ይቅደም፤ ውጤቱም ከትንተናው ጋር ይያያዝ እንጂ ለማሟያ ያህል በአባሪ አይቀመጥ።

ጾሙን አለማየት

ኢዲኢ-ኪው የተባለው ሌላው መጠይቅ ባለፉት 28 ቀናት፣ ነቅተው ባሉበት ሰዓት ለ8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ምንም ሳይበሉ የቆዩበት ቀን መኖሩን ይጠይቃል። በእንግሊዝኛው ላይ ግን “የሰውነትን ቅርጽ ወይም ክብደት ለመለወጥ በማሰብ” የሚል ሐረግ አለበት። በአንድ የአማርኛ ትርጉም ይህ ሐረግ ለአጭርነት ሲባል ተቆርጦ አይቻለሁ። ሐረጉ ሲወድቅ ደሴ ውስጥ የሚጾም ታዳጊ ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሕመምተኛ ሆኖ ይመዘገባል። በ2017 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተደራርበው ስለዋሉ በዚያ ሰሞን የወጣ መረጃ ሰብሳቢ ቡድን ሳይበላ የዋለ ልጅ ለማግኘት አይቸገርም ነበር።

በአንጻሩ “ጾም ነው” የሚለው መልስም ሁሉንም ነገር አይዘጋም። በሰሜን ምሥራቅ ጋና በሁለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 668 ተማሪዎች ተለክተው፣ ቢኤምአይያቸው (ኪሎ በሜትር ለተለካ ቁመት ስኩዌር ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር) ከ17.5 የማይበልጥ 10 ተማሪዎች ሆን ብለው ምግብ በመተው ብቻ የከሱ ሆነው ተገኝተዋል። አሥሩም ምክንያታቸውን በሃይማኖት ቋንቋ ያስረዱ ነበር፤ ስለ ውፍረት የተናገረ አልነበረም። ስለዚህ ጠያቂው ጾሙ የማን እንደሆነ መለየት ይኖርበታል፦ ቤተሰቡ ሁሉ የሚጾመው ነው ወይስ ልጅቷ ብቻዋን የጨመረችው? ሲፈሰክ ወይም ሲያፈጥሩ አብራ ትበላለች? ሰውነቷ ሲዝል፣ ንስሐ አባቷ ወይም ቤተሰቧ “ይብቃሽ” ሲሏት ትሰማለች? እነዚህን ለመጠየቅ 3 ደቂቃ ይበቃል። የመረጃ መሰብሰቢያው ጊዜ በጾም መዋሉም በግልጽ ይጻፍ።

ቃሉን ተርጉሞ ኑሮውን መርሳት

ወደ አማርኛ፣ ከዚያም መልሶ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም የተለመደ ሥርዓት ነው፤ ጥሩም ነው፤ በቂ ግን አይደለም። “ምግቤን በትንንሹ እቆራርጣለሁ” የሚለው የኢኤቲ ጥያቄ ተተርጉሞ ቢመለስ አንድም ቃል ላይጎድልበት ይችላል። እንጀራ ግን በእጅ ተቆርሶ በጉርሻ ስለሚበላ መልሱ ሁልጊዜ “አዎ” ነው። “የምበላውን ምግብ የካሎሪ መጠን አውቃለሁ” የሚለውም ቢሆን ማሸጊያ ላይ የተጻፈ ነገር የሌለውን ሽሮ ለሚበላ ልጅ ባዶ ነው። ስኮፍ የሚባለው ባለአምስት ጥያቄ መለያ ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ከአንድ “ስቶን” በላይ መክሳትን ይጠይቃል። ይህ የእንግሊዞች መለኪያ ሲሆን 6.35 ኪሎ ገደማ ነው፤ “ስቶን” ተብሎ እንዳለ የተቀመጠበት መጠይቅ አጋጥሞኛል። ቤቱ ሚዛን የሌለው ልጅ ኪሎውም ቢነገረው አይመልሰውም፤ “ቀሚስሽ ሰፋሽ ወይ? ቀበቶህን ስንት ቀዳዳ አጠበብክ?” ቢባል ግን ይገባዋል።

አብሮ የመብላት ነገርም አለ። ከአንድ ትሪ አምስት ሰው ሲበላ ማን ስንት እንደ ጎረሰ የሚቆጥር የለም። ልጅቷ እጇን ከሰው እኩል እየላከች፣ ጠርዙን እየቆነጠረች፣ ለታናሿ እያጎረሰች ጠግባ የተነሣች ልትመስል ትችላለች። የእናት ምስክርነት ብቻውን የማያስተማምነው እናት ዋሽታ ሳይሆን ትሪው ስለሚሸፍን ነው። እዚህ ላይ “ወፈርሽ” ማለት ለእናቶቻችን “ተመቸሽ፣ ወዝሽ መጣ” እንደ ማለት መሆኑን፣ ለዛሬዋ የ15 ዓመት ተማሪ ግን ስድብ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። በቅድመ ሙከራው ወቅት ልጆቹ እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው አፍ እንዲደግሙት ማድረግ ብዙ ነገር ያወጣል።

423 የተባለው ቁጥር

የናሙና መጠን የሚወሰንበት ክፍል ላይ ስደርስ ቁጥሩን ሳላየው አውቀዋለሁ። ምጣኔው አይታወቅም ተብሎ 50 በመቶ ይወሰዳል፤ የ5 በመቶ ስህተት ይፈቀዳል፤ 384 ይመጣል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 422 ወይም 423 ይሆናል። ለተለመደ ነገር ይህ ያስኬዳል። አኖሬክሲያ ነርቮሳን (ሰው ራሱን እያስራበ እጅግ የሚከሳበትን የአመጋገብ መዛባት) ለመሰለ ጥቂቶችን ብቻ ለሚያጠቃ ሕመም ግን ከመቶ አንድ ታዳጊ ታሟል ብንል እንኳ ከ422 ተማሪዎች የምናገኘው 4 ያህል ነው። በ4 ሰው ላይ አሥራ ሁለት ተያያዥ ምክንያቶችን ሎጂስቲክ ሪግሬሽን በተባለው የስታቲስቲክስ ስሌት መፈለግ ጠጠር ጥሎ ዕድል ከማየት ብዙም አይለይም።

ተመራማሪው ከዚህ ለማምለጥ በመለያ መጠይቁ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙትን ሁሉ እንደ ታመሙ ቆጥሮ የሕመሙ “ሥርጭት” ብሎ ይጠራዋል። ስሌቱን በምሳሌ እንየው። 1000 ተማሪዎች አሉ እንበል፤ ከእነርሱ 10ሩ ታመዋል። መጠይቁ ከታመሙት 80 በመቶውን ያገኛል፤ ከጤነኞቹ 90 በመቶውን በትክክል ያልፋል። ከ10ሩ 8ቱን ይይዛል፤ ከ990ዎቹ ጤነኞች ግን 99ኙን አብሮ ይይዛል። 107 ተማሪዎች ተገኙ ማለት ነው፤ በእርግጥ የታመሙት 8 ብቻ ናቸው። “10.7 በመቶ የአመጋገብ መዛባት አለባቸው” ተብሎ ቢጻፍ ቁጥሩ ከእውነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። መድኃኒቱ በሁለት ደረጃ መሥራት ነው፦ መጀመሪያ መጠይቅ፣ ከዚያ ነጥባቸው ከፍ ያሉትንና ዝቅ ካሉትም በዕጣ የተመረጡ ጥቂቶችን በሠለጠነ ባለሙያ ማነጋገር። አቅም ካነሰ ርእሱ “በመጠይቅ የተገለጸ ዝንባሌ” ይባል፤ ሐቀኛ ርእስ የሚያሳፍር አይደለም።

በዕድሜና በኪሎ መሳሳት

ለአዋቂ የተቀመጠውን 18.5 ቢኤምአይ ለታዳጊ መጠቀም እስከ ዛሬ አልቀረም። በዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2007 መለኪያ የ13 ዓመት ሴት ልጅ መካከለኛ ቢኤምአይ 19 ገደማ ስለሆነ፣ በ18.5 ብንቆርጥ ከጤነኞቹ ልጆች ግማሽ የሚሆኑትን ከሲታ ልንል ነው። ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉ በዕድሜና በጾታ የተሰላው ዜድ ስኮር (ልጁ ከእኩዮቹ መካከለኛ ልክ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳየው ቁጥር) ይሠራበት። በዚህ ስሌት ላይ የዘመን አቆጣጠራችን ወጥመድ ይሆናል፤ የልደት ቀን በእኛ፣ የቃለ መጠይቁ ቀን በፈረንጅ ከገባ ልጅቷ በአንድ ሌሊት 7 ወይም 8 ዓመት ትጨምራለች። ያን ያህል ሲሆን ስህተቱ ቶሎ ይታያል፤ የማይታየው የዓመት ከምናምን ስህተት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ቀናት በአንድ አቆጣጠር ተጽፈው በኋላ በአንድ ሰው ይለወጡ።

ደግሞም ኪሎው ደህና ስለሆነ ብቻ ልጅ ደህና ነው ማለት አይቻልም። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ኪሎ ሳይቀንስም ሊታመም ይችላል፤ መጨመር ሲገባው ከቆመ እንደ ከሳ ይቆጠራል። የአንድ ቀን ልኬት ይህን አያሳይምና የተቻለ እንደሆነ ከ6 ወር በኋላ ይደገም።

አጠር ያሉ ሁለት ነገሮች። የወር አበባ መቋረጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው ዲኤስኤም 5 (የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሕመም መለያ መጽሐፍ) ወዲህ ለአኖሬክሲያ ምርመራ መስፈርት መሆኑ ቀርቷል፤ ከአሮጌ ጥናት የተቀዳ ፍቺ ይታረም። በዚያው እትም ከክብደት ሐሳብ ጋር ያልተያያዘ ምግብን የመሸሽ ሕመም ስለተካተተ፣ ይህም ሕፃናትንና ወንዶችን ጭምር ስለሚይዝ፣ ሴት ተማሪዎችን ብቻ መውሰድ ምክንያት ሊቀርብለት ይገባል።

ልጁን ለይቶ መተው

አንድ ክፍል ውስጥ ሚዛኑ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተቀምጦ፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየጻፈ ስድሳ ልጅ ሲመዘን አይቻለሁ። አንዲት ልጅ ጫማዋን አውልቃ ስትወጣ አንባቢው “ሠላሳ አራት!” ብሎ ጮኸ፤ ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ልጅቷ ሹራቧን እየጎተተች ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ የተሰጣትን መጠይቅ በምን ስሜት እንደሞላችው መገመት አያዳግትም። መመዘኛው በመጋረጃ ወይም በሌላ ክፍል ይሁን፤ ቁጥሩ በጽሑፍ እንጂ በቃል አይነገር፤ መጠይቁም ከመመዘን በፊት ይሞላ። የወላጅ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ልጁም ራሱ እሺ ይበል፤ እንቢ ቢል ስሙ ለመምህሩ አይነገር።

መጠይቁን የሞላች ልጅ በየቀኑ እንደምታስመልስ ከጻፈች ወረቀቷ እስከ ምረቃ ቀን በካርቶን ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም። ፕሮፖዛሉ ሲጸድቅ ማን እንደሚያያት፣ የትኛው ጤና ተቋም እንደሚቀበላት፣ ቤተሰቧ በምን ቋንቋ እንደሚነገራቸው ተጽፎ መገኘት አለበት። የልብ ምቷ ቀን ላይ በደቂቃ ከ50 በታች ከሆነ ወይም ስትነሣ የሚጥላት ከሆነ በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ይኖርባታል። ለወላጆች ሲነገርም ጥንቃቄ ይደረግ፤ የከሳች ልጅ ያየች እናት በፍቅር ገንፎውን በቅቤ አጥለቅልቃ በአንድ ጊዜ ልታበላት ትሞክራለች። ለብዙ ጊዜ እህል ያልቀመሰ ሰውነት በድንገት ሲጠግብ ደም ውስጥ ያለው ፎስፌት የተባለ ማዕድን በፍጥነት ወርዶ ልብን ሊያውክ ስለሚችል፣ በጣም የከሳች ልጅ አመጋገብ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ መጀመር እንዳለበት መረጃ ሰብሳቢው ለእናትየው ከመሄዱ በፊት ሊነግራት ይገባል።