ሁለት ግራፊክስ ካርዶችን ስታወዳድሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"3060 ልግዛ ወይስ 4060?" ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ቶሎ የሚመጣለት መልስ "አዲሱን ግዛ" ወይም "ሜሞሪው የሚበዛውን ግዛ" የሚል ነው። ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። እነዚህን ሁለት የኤንቪዲያ ካርዶች ይዘን ማወዳደሩ የት የት ላይ እንደሚበላሽ እንይ።

ኮር ቆጥሮ መፍረድ

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት 3584 ኩዳ ኮር (ስሌት የሚሠሩ ጥቃቅን ክፍሎች) አለው፤ በ2023 የወጣው 4060 ደግሞ 3072። በብዛት ከሄድን አሮጌው ያሸንፋል። ነገር ግን የፋብሪካው ቡስት (ከፍ ያለ የሥራ) ፍጥነት ለ3060 1777፣ ለ4060 2460 ሜጋኸርትዝ ነው። የኮሩ ብዛት በፍጥነቱ፣ ከዚያም በ2 (ኮር በአንድ ምት ሁለት ስሌት ስለሚሠራ) ሲባዛ 4060 ወደ 15 ቴራፍሎፕስ (ትሪሊዮን ስሌት በሰከንድ) ይደርሳል፣ 3060 ግን 12.7 ላይ ይቀራል።

ቴራፍሎፕስም ቢሆን ትውልድ ሲለያይ አያስተማምንም። አርቲኤክስ 3070 በወረቀት 20.3፣ አርቲኤክስ 2080 ቲአይ ደግሞ 13.4 ነው፤ ጌም ላይ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። ከ3000 ተከታታይ ጀምሮ ኤንቪዲያ ለኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ስሌት ብቻ ይውል የነበረውን ክፍል ለኤፍፒ32 (ነጥብ ላለው ቁጥር) ስሌትም አበቃውና እንደ ተጨማሪ ኮር ቆጠረው። ጌሙ የኢንቲጀር ሥራ ሲያመጣ ያ ክፍል ወደዚያው ይዞራል፤ የተቆጠረው ሁሉ አይገኝም። የሌላውን አምራች የኤኤምዲን ኮር ከኤንቪዲያ ኮር ጋር መቁጠርማ ጭራሽ ትርጉም የለውም።

የሜሞሪን ጊጋባይት ብቻ ማየት

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። 3060 በ192 ቢት ባስ (ቺፑን ከሜሞሪው የሚያገናኘው መንገድ) 360 ጊጋባይት በሰከንድ ያስተላልፋል፤ 4060 በ128 ቢት 272። አዲሱ ጉድለቱን የሚሸፍነው በካሽ (ቺፑ ውስጥ ባለ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ነው፦ ኤል2 ካሹ 24 ሜጋባይት ሲሆን የ3060ው 3 ብቻ ነው። በ1080ፒ ይህ በደንብ ይሠራል። ሪዞሉሽን ሲጨምር ግን ካሹ የሚይዘው ድርሻ ያንስና የባሱ ጥበት ይታያል።

ሌላው የ4060 ሜሞሪ፣ 8 ጊጋባይቱ ሲሞላ የሚሆነው ነው። የተረፈው ቴክስቸር (የጌሙን ዕቃዎች ገጽ የሚሸፍነው ምስል) ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይሄድና ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር በሚያገናኘው መስመር፣ በፒሲአይ ኤክስፕረስ በኩል ይመላለሳል። 4060 የሚጠቀመው የዚህን መስመር 8 ሌን (ረድፍ) ብቻ ስለሆነ መስመሩ የቆየው 3.0 ስሪት በሆነ ማዘርቦርድ ላይ መንገዱ ወደ 8 ጊጋባይት በሰከንድ ይወርዳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ጌሙ ደህና ሲሄድ ቆይቶ በድንገት ይይዛል፣ ወይም ግድግዳና መሬት ደብዝዞ ይቀራል። ስለዚህ ቴክስቸርን ከፍተኛው ላይ አድርጋችሁ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳትፈትኑ "8 ይበቃል" አትበሉ።

ስምም ያታልላል። ባለ 8 ጊጋባይት 3060 አለ፤ ባሱ 128 ቢት፣ ፍጥነቱ 240 ጊጋባይት በሰከንድ ነው። ጂቲ 1030 የተባለው ካርድ በዲዲአር4 ሜሞሪ የተሠራው 16.8፣ በጂዲዲአር5 የተሠራው 48 ጊጋባይት በሰከንድ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ግን አንድ። ያገለገለ ካርድ ስትገዙ የካርዱን መረጃ የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ ፕሮግራም ከፍታችሁ የሜሞሪውን ዓይነት፣ ባሱንና የሼደሩን (የኮሮቹን) ቁጥር ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ካርዱን ትቶ ፕሮሰሰሩን መለካት

ሁለቱ ካርዶች እኩል 95 ፍሬም (ምስል) በሰከንድ ከሰጡ ምናልባት የለካችሁት ፕሮሰሰሩን ነው። በኤምኤስአይ አፍተርበርነር ፕሮግራም የጂፒዩ (የካርዱ ቺፕ) አጠቃቀምን ተመልከቱ፤ ከ95 በመቶ በታች እየዋለለ ከሆነ ካርዱ ሥራ እየጠበቀ ነው። ቪሲንክ (ፍሬሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለው) እና የፍሬም ገደብ ጠፍተው እንደሆነ አረጋግጡ፤ ከዚያ ሪዞሉሽን ጨምሩ። አንድ ራም ብቻ የተሰካበት ኮምፒውተርም ውጤቱን ያዛባል፤ ሁለት አድርጉ።

በአማካይ ብቻ መተማመን

አንዱ ካርድ በአማካይ 90 ሰጥቶ 1 በመቶ ዝቅተኛው (በጣም የዘገዩት ፍሬሞች ፍጥነት) 38፣ ሌላው 82 ሰጥቶ ዝቅተኛው 64 ቢሆን፣ ለመጫወት የሚመቸው ሁለተኛው ነው። በ60 ፍሬም እያንዳንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ መሐል ላይ 50 የፈጀ አንድ ፍሬም እንደ መንተፋተፍ ሆኖ ለዓይን ይታወቃል። ካፕፍሬምኤክስ የተባለው ፕሮግራም ይህን በግራፍ ያሳያል።

አለካኩም የራሱ ሥርዓት አለው። ካርዱን 10 ደቂቃ አሙቁት፣ ምክንያቱም ቀዝቃዛ ካርድ ከፍ ባለ ፍጥነት ይጀምርና ቆይቶ ይወርዳል። ከዚያ ያንኑ 60 ሰከንድ ቦታ አራት ጊዜ ሂዱበት። የመጀመሪያውን ጣሉት፤ ሼደር የሚባሉት የጌሙ ትንንሽ የሥዕል ፕሮግራሞች የሚጫኑት ያኔ ነው። የቀሩት ሦስቱ በ3 በመቶ ከተለያዩ፣ በካርዶቹ መካከል የ3 በመቶ ልዩነት አገኘን ማለት አይቻልም።

የተፈጠረን ፍሬም እንደ ተሠራ መቁጠር

4060 የዲኤልኤስኤስ (የኤንቪዲያ ምስል ማሻሻያ) ፍሬም ጀነሬሽን፣ ማለትም በተሠሩ ፍሬሞች መሐል ተጨማሪ ፍሬም የመፍጠር ችሎታ አለው፣ 3060 የለውም። ቆጣሪው 110 ሲል ጌሙ ለማውሱ የሚመልሰው በ55 አካባቢ ፍጥነት ሊሆን ይችላል። ምስሉ ይለሰልሳል፣ እጅ ላይ ያለው ስሜት ግን አይፈጥንም። መጀመሪያ አጥፍታችሁ አወዳድሩ፤ ከዚያ ለብቻው መዝግቡት። አፕስኬሊንግም (በትንሽ ሪዞሉሽን ሠርቶ ምስሉን ማሳደግ) እንዲሁ ነው፦ በ1080ፒ ዲኤልኤስኤስ ኳሊቲ ሲበራ ካርዱ የሚሠራው 1280 በ720 ነው።

መቶኛን ማገላበጥ

ከ60 ወደ 80 መውጣት 33 በመቶ፣ ከ80 ወደ 60 መውረድ 25 በመቶ ነው። ሻጭ የትኛውን እንደሚመርጥ ታውቁታላችሁ።

ኃይሉን መርሳት

3060 170 ዋት፣ 4060 115 ዋት ይፈልጋል። ሁለት ካርዶችን በሶፍትዌር ስትለኩ የምታነቡት ምን እንደሆነ አጣሩ፤ የኤኤምዲ አርኤክስ 6000 ካርዶች የሚያሳዩት የመላ ቦርዱን ፍጆታ አይደለም።

ከቢሮ በወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ላይ የምትሰኩ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይቀየራል። የብዙዎቹ ፓወር ሳፕላይ ከ300 ዋት በታች ነው፣ ባለ 8 ፒን ገመድም የለውም፤ ካርዱ ከሚሰካበት ስሎት የሚገኘው 75 ዋት ብቻ ነው። እዚያ የሚወዳደሩት ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገው ጂቲኤክስ 1650 እና አርኤክስ 6400 ናቸው። 6400 በአዲስነቱ ይማርካል፣ ነገር ግን ሌኑ 4 ብቻ ስለሆነ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ባለው በእንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ በአዲስ ማዘርቦርድ የተለካበትን ውጤት አይሰጥም። 1650 ግን 16ቱንም ይጠቀማል።