የኤች ፒ ቪ ክትባት እንግሊዝ ውስጥ፦ ለማን ይሰጣል? ይከፈልበታልስ?

ልጃችሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገባ ብዙም ሳይቆይ አንድ ፎርም ይመጣላችኋል። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ሊንክ በኢሜይል ይልካል፣ አንዳንዱ ወረቀቱን ለልጁ ያስይዛል። ወረቀት ከሆነ ቦርሳ ሥር ተጨማዶ ይከርማል። ሊንክ ከሆነ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ብዛት አይተን "ማታ አነበዋለሁ" ብለን እንዘጋዋለን። ያ ፎርም የኤች ፒ ቪ ክትባት ፈቃድ ነው። ለክትባቱ አምስት ሳንቲም አይከፈልም። እንቅፋቱ ፎርሙ ነው።

ኤች ፒ ቪ በቆዳ ንክኪ፣ በተለይ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁሉም መነሻው ይኸው ነው። የጉሮሮ፣ የፊንጢጣና የወንድ ብልት ካንሰርም ያመጣል፤ ስለዚህ የሴቶች ብቻ ጉዳይ አይደለም። አገር ቤት ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ውስጥ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣው የማህፀን በር ካንሰር ነው። ብዙዎቻችን በቤተሰብ ወይም በጎረቤት እናውቀዋለን፣ ስሙን ግን ጮክ ብለን አንጠራውም።

መደበኛው ዕድሜ ከ12 እስከ 13 ነው፤ እዚህ "ይር 8" የሚሉት ክፍል። ሴትም ወንድም ይከተባል። ነርሶች ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ክንድ ላይ ይወጋሉ፣ በቃ። ቀድሞ ሁለት መርፌ ነበር፤ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ግን አንዱ ይበቃል ተብሏል። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድም በነፃ ይሰጣሉ፤ የክፍሉ ስም ብቻ ይለያያል።

በዚያ ዕድሜ እዚህ ያልነበረስ? አላለፈውም። ሴት ከሆነች 25 ዓመት እስክትሞላ ድረስ በነፃ መከተብ ትችላለች። ለወንድም ገደቡ 25 ነው፣ ግን የተወለደው ሴፕቴምበር 1 ቀን 2006 ወይም ከዚያ በኋላ መሆን አለበት። በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን 1998 ዓ.ም. ማለት ነው። ልዩነቱ የመጣው ክትባቱ ለሴቶች በ2008፣ ለወንዶች ደግሞ በ2019 ስለተጀመረ ነው። የልደት ቀን ነገር ለእኛ ሰው ሁሌም ጣጣ አለው። ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 የተጻፈበት ስንቱ ነው! ጂፒው (የተመዘገባችሁበት የሰፈር ሐኪም) የሚያየው መዝገቡ ላይ ያለውን ቀን ስለሆነ፣ ስትመዘገቡ የፈረንጁን አቆጣጠር አስተካክላችሁ ንገሩ።

ልጁ ገና ተማሪ ከሆነና የክትባቱ ቀን ካለፈው ትምህርት ቤቱ ቢሮ ሂዱና የክትባት ቡድኑን ስልክ ጠይቁ። ያመለጣቸውን ልጆች የሚከትቡበት ሌላ ቀን አላቸው። ትምህርት የጨረሰ ደግሞ ለጂፒው ይደውል።

"የጥገኝነት ኬዛችን ገና አላለቀም፣ ጂፒ ይቀበለናል ወይ?" የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ይቀበላል። እንግሊዝ ውስጥ ጂፒ ጋ መመዝገብ ለማንም ነፃ ነው። ጥገኝነት የጠየቀም፣ ወረቀት የሌለውም፣ ሆቴል ውስጥ የተቀመጠም መመዝገብ ይችላል። የመታወቂያ፣ የአድራሻ ማረጋገጫ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ አለማቅረብ መከልከያ ምክንያት አይሆንም። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ "ፓስፖርት አምጡ" ብላ ድርቅ ካለች፣ አትጣሏት። የማይመዘግቧችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ እንድትሰጣችሁ ብቻ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ይላላል። ቀጠሮ ስትይዙ "አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በሉ፤ ይህም አይከፈልበትም። እባካችሁ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቷን የማህፀን ጉዳይ ልትተረጉም አይገባም።

አገር ቤት የተከተቡም አሉ። ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ሴት ልጆች ጀምራለች። ልጅቷ እዚያ አንድ ጊዜ ከተወጋች እዚህ ይቆጠርላታል፣ ድጋሚ አያስፈልጋትም። ካርዱ ካለ ፎቶ አንስታችሁ ለጂፒው ስጡ። ካርዱ ከጠፋና እርግጠኛ ካልሆናችሁ እንደገና ብትከተብ ጉዳት የለውም።

አሁን ወደ ወላጆች ስጋት። "ገና ልጅ ናት፣ ምን አገናኛት?" ይባላል። በዚህ ዕድሜ የሚሰጠው ለዚሁ ነው፤ ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት ሲወሰድ ነው በደንብ የሚሠራው። ወደፊት ትዳር ስትይዝም የባሏ ያለፈ ታሪክ በእሷ እጅ አይደለም። "ያመክናል" የሚለው ወሬም በየቡና ጠረጴዛው ይዞራል። መካንነት እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ይልቅ ውጤቱን እዩ። እንግሊዝ ውስጥ በ12 እና በ13 ዓመታቸው እንዲከተቡ በተደረጉት ሴቶች ላይ የማህፀን በር ካንሰር 87 በመቶ ቀንሷል። ስኮትላንድ ውስጥ በዚያው ዕድሜ ሙሉውን ክትባት በወሰዱት ላይ በ2024 የወጣው ጥናት አንድም የማህፀን በር ካንሰር አላገኘም።

ሌላው ጥያቄ የአሳማ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠይቃል። እዚህ የሚሰጠው የኤች ፒ ቪ ክትባት፣ ጋርዳሲል 9፣ ከአሳማ የሚሠራ ጄላቲን የለበትም። ጄላቲን ያለበት በአፍንጫ የሚረጨው የልጆች የጉንፋን ክትባት ነው፤ ፎርሞቹ በተቀራራቢ ጊዜ ስለሚመጡ ይምታታል። ለዚያኛው ጄላቲን የሌለበት መርፌ መጠየቅ ይቻላል። ከክትባት በኋላ ክንድ ማበጥና መታመም የተለመደ ነው። አንዳንድ ልጅ መርፌ ሲያይ ስለሚዞርበት በባዶ ሆዱ አትላኩት።

ፈርማችሁ ባትመልሱም ነገሩ በዚያ ላያበቃ ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ነገሩን በደንብ እንደተረዳው ነርሷ ካመነች፣ ራሱ ፈቅዶ ሊከተብ ይችላል። መጀመሪያ ወላጅ ጋ ለመደወል ይሞክራሉ። ይህን ሲሰሙ የሚናደዱ አባቶች አሉ፤ ከልጅ ጋር ቀድሞ መነጋገር ይሻላል።

ሦስት ጊዜ የሚወጉም አሉ፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ወይም የበሽታ መከላከያ አቅማቸው የተዳከመ። ከወንድ ጋር ግንኙነት የሚያደርጉ ወንዶች ደግሞ እስከ 45 ዓመታቸው በሴክሹዋል ኸልዝ (የአባላዘር ጤና) ክሊኒክ በነፃ ይከተባሉ፤ 25 ያልሞላው አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁለት ጊዜ። ክሊኒኩ ምስጢር ይጠብቃል፣ ቤተሰብ ጋ የሚደውል የለም። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት እስክትወልድ ትቆያለች።

25 ያለፈን ሌሎቻችን ግን በነፃው ውስጥ የለንበትም። ፋርማሲዎች በክፍያ ይከትባሉ። አንዱ መርፌ ከ150 ፓውንድ በላይ ነው፣ ለአዋቂ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሦስቱን ይጠይቃሉ። ገና ሥራ ላልያዘ ሰው ተበድሮ የሚገባበት ነገር አይመስለኝም። ለሴቶች ነፃ የሆነው ምርመራው ነው። ከ25 እስከ 64 ዓመት ያላችሁ ጂፒ ጋ ከተመዘገባችሁ ለማህፀን በር ምርመራ በደብዳቤ ወይም በስልክ መልእክት ትጠራላችሁ። የተከተበችም መሄድ አለባት። ሴት ነርስ እንድትመረምራችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የተገረዛችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሯት፤ ቀስ ብላ እንድትሠራ ይረዳታል።

ጥሪው የሚሄደው ጂፒው ባለው አድራሻና ስልክ ነው። ሆም ኦፊስ (የጥገኝነት ጉዳይ የሚያየው መሥሪያ ቤት) ከአንዱ ሆቴል ወደ ሌላ ከተማ ባዛወራችሁ ቁጥር እዚያ ባለው ጂፒ ተመዝገቡ፣ ስልካችሁንም አስቀይሩ።