ቤዝ −2 አልታዘዝ ሲል

ቤዝ ማለት ወደ ግራ አንድ ቦታ በሄድን ቁጥር የቦታው ዋጋ የሚባዛበት ቁጥር ነው፤ የለመድነው 10 ነው። በቤዝ −2 ቦታዎቹ ከቀኝ ወደ ግራ 1፣ −2፣ 4፣ −8፣ 16 እያሉ ይሄዳሉ። አሃዞቹ ያው 0 እና 1 ናቸው። 11010 ማለት 16 − 8 − 2፣ ማለትም 6 ነው። ቀልድ ይመስላል እንጂ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ግሩንዋልድ በ1885 እ.ኤ.አ. ስለ ኔጌቲቭ ቤዝ ጽፎበታል። ችግሩ እጃችን ቤዝ 10 መልመዱ ነው።

ምልክት፦ ቁጥርን ወደ ቤዝ −2 ለመቀየር ለ−2 ደጋግማችሁ እያካፈላችሁ ቀሪዎቹን ከቀኝ ወደ ግራ ስትጽፉ፣ መልሱ ውስጥ −1 የሚል አሃዝ ገባ።
መንስኤ፦ ቀሪው ኔጌቲቭ ሆኗል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ 7ን ለ−2 ሲያካፍል ድርሻው −4፣ ቀሪው −1 ነው ይላል። ሲ በተባለው ቋንቋ 7 ደህና ይወጣል፤ −7 ላይ ግን ያው −1 ይመጣል። ለዚህ ነው አንዱ ጋ የሠራ ኮድ ሌላው ጋ የሚበላሸው።
መፍትሄ፦ ቀሪው ከዜሮ ካነሰ 2 ደምሩበት፤ ድርሻው ላይ ደግሞ 1 ጨምሩ። −4 እና −1 የነበሩት −3 እና 1 ይሆናሉ። አረጋግጡ፦ −2 × −3 + 1 = 7።

ምልክት፦ 6ን ሰጥታችሁት 0 ብቻ ጽፎ ቆመ።
መንስኤው ቀላል ነው። «ቁጥሩ ከዜሮ እስከበለጠ ድረስ ቀጥል» ብላችሁታል፤ የመጀመሪያው ድርሻ ግን −3 ነው። «ዜሮ እስኪሆን ቀጥል» በሉት።

ምልክት፦ 1 + 1 ደምራችሁ 10 ጻፋችሁ፤ ሲፈተሽ −2 ሆነ።
ይሄኛው ብዙ ሰው ያደክማል። ቤዝ 2 ላይ ሁለት አንዶች ሲገናኙ 0 ጽፈን 1 እንይዛለን። እዚህ ግን የሚቀጥለው ቦታ ዋጋ ኔጌቲቭ ስለሆነ የምንይዘው −1 ነው።
መፍትሄ፦ ድምሩ 2 ሲሆን 0 ጻፉና ከሚቀጥለው ቦታ 1 ቀንሱ። 3 ከሆነም 1 ጻፉና እንደዚያው ቀንሱ። ቅነሳው −1 ላይ ካደረሳችሁ 1 ጻፉና ወደ ቀጣዩ +1 ያዙ። ስለዚህ 1 + 1 = 110 ይሆናል፤ 4 − 2 = 2። 111 ላይ 1 ስትደምሩ ደግሞ የያዛችሁት −1 ከመካከለኛው አንድ ጋር ይጣፋና 100 ይወጣል፤ 3 + 1 = 4 መሆኑ ነው። እኔ ይህን በወረቀት ላይ አሥር ጊዜ ያህል ሳልሠራ አልገባኝም።

ምልክት፦ የማይነስ ምልክቱ ጠፋ።
አልጠፋም፣ አያስፈልግም። 1101 ራሱ −3 ነው። የአሃዞቹ ብዛት ተጋማሽ ከሆነ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፤ ጎዶሎ ከሆነ ፖዘቲቭ (ከፊት ትርፍ ዜሮ እስከሌለና ቁጥሩ ራሱ 0 እስካልሆነ)። ስለዚህ በርዝመት አታወዳድሩ፤ 1101 ከ111 ያንሳል።

ምልክት፦ የመጨረሻውን አሃዝ አይታችሁ «ተጋማሽ ነው» ያላችሁት ቁጥር ጎዶሎ ሆነ።
ቤዝ −2 ላይ ይህ አይደርስባችሁም። ቤዙ ራሱ ጎዶሎ ሲሆን ነው የሚያጋጥመው። በቤዝ 7 የተጻፈ 12 ዋጋው 9 ነው፤ መጨረሻው 2 ስለሆነ ብቻ ተጋማሽ አይሆንም። በጎዶሎ ቤዝ የአሃዞቹን ድምር እዩ፤ 1 + 2 = 3 ጎዶሎ ነው፣ ቁጥሩም ጎዶሎ ነው።

የአሃዝ ድምር ካነሳን፣ በቤዝ 10 ለ9 የሚሠራው ዘዴ (የአሃዞቹ ድምር ለ9 ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል) ወደ ቤዝ 7 ሲሄድ ይከሽፋል፤ እዚያ የሚሠራው ለ6 ነው፣ ማለትም ከቤዙ አንድ ለሚያንሰው። ለቤዝ −2 አንድ የሚያንሰው −3 ነው፤ ስለዚህ በ3 መካፈልን ያጣራላችኋል። 11100ን ሞክሩት፦ የአሃዞቹ ድምር 3፣ ዋጋው 16 − 8 + 4 = 12።