ከአንዲት ሐረግ ሙሉ ዜማ

ደሴ፣ የጦሳን ተራራ ፊት ለፊት እያየሁ ክራሬን ስይዝ የምፈልገው አራት ድምፅ ብቻ ነው። ባለስድስት ክር ክራራችሁን በትዝታ ቅኝት ቃኙ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ላይኛው ዶ። ሐረጓ ሶል–ሚ–ሬ–ዶ ናት፤ ጣታችሁ እስኪለምዳት ክሮቹን አንድ በአንድ እየነካችሁ ደርድሯት።

በሁለተኛው ዙር መጨረሻዋን ብቻ ለውጡ፦ ሶል–ሚ–ዶ–ሬ። ሬ ላይ ተንጠልጥላ ስትቀር ጆሮ መልስ ይጠብቃል። ቶሎ አትመልሱለት፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም በሉ፣ ከዚያ ዶ ላይ አሳርፏት። ይህቺን ዝምታ በጣም እወዳታለሁ።

ቀጥሎ የመጀመሪያዋን ሐረግ ቅርጿን ሳትለውጡ ሁለት ክር ከፍ አድርጓት፦ ላይኛው ዶ–ላ–ሶል–ሚ። እዚህ ድርደራውን ትታችሁ ክሮቹን በአንድ ላይ እየመታችሁ በግርፍ ግቡ፤ ዜማው ይሞቃል። ወደ ባቲ ቅኝት መሻገር ያምራችሁ ይሆናል፤ ክሩን እንደገና መቃኘት ስለሚጠይቅ መሀል ላይ አልመክርም። ስትጨርሱ የመጀመሪያዋን ሐረግ ቀስ ብላችሁ በድርደራ መልሷት።